ሌሊቱን ለካሊፎርኒያ ለሸጠው ፕሮግራመር

ጥያቄ፦ «27 ዓመቴ ነው። ቦሌ አካባቢ ለብድርና ቁጠባ ማኅበራት ሲስተም በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ደቨሎፐር ነኝ። ማታ ደግሞ ካሊፎርኒያ ላለ ደንበኛ በርቀት እሠራለሁ። ዶላር ከጨመረ ወዲህ የማታው ገቢ የቀኑን ደመወዝ አልፎታል። የምተኛው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት እነሣለሁ። የቤት ኪራዩም የእህቴ የኮሌጅ ክፍያም በእኔ ላይ ነው። እናቴ ‹ተቀምጠህ ነው የምትውለው፣ ምን ያደክምሃል?› ትለኛለች። የቀኑን ሥራ ልልቀቅ? ኤአይ ሥራችንን ይወስደው ይሆን? ማስተርስ ልማር ወይስ ጎ የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ልጀምር? በቅርቡ አንዲት ስህተት ሦስት ሌሊት አሰቃየችኝ። በመጨረሻ መፍትሔው የመጣልኝ መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው፤ ይገርማል።»

ወንድሜ፣ እኔን የገረመኝ አንተ እንደ ቀልድ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግካት ነገር ናት። የጠየቅከኝን ሁሉ ትቼ ከእሷ ልጀምር።

የላክህልኝን የጊትሀብ ገጽ፣ ኮድህን የምታስቀምጥበትን፣ ከፍቼ አየሁት። ስህተቷ የነበረችው ቀኑን በፈረንጆቹና በኛ አቆጣጠር መካከል በሚቀይረው ኮድ ውስጥ ነው። ጳጉሜ 6 ቀን የምትሆነው በየ4 ዓመቱ፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ነው። በኮድ ቋንቋ፣ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ሲሆን ማለት ነው። አንተ ግን የፈረንጆቹን ለምደህ ቀሪው 0 ሲሆን ብለህ ነበር። ስለዚህ 2012 እና 2016 የማይገባቸውን ቀን አገኙ፣ 2015 የራሷን ተነጠቀች። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ቁጠባ ያስገባ አባል ቢኖር ሲስተምህ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ይለው ነበር።

ጥፋቱ አንዲት አኃዝ ናት። የኮሚት መልእክቶችህን ደግሞ፣ ለውጥ ባስቀመጥክ ቁጥር የጻፍካቸውን፣ ተመልከታቸው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት «ፊክስ»። 8 ሰዓት «ፊክስ 2»። 9 ሰዓት ሊሆን ሲል «ኧረ በናትሽ ሥሪ»። በየመሀሉ ምንም ያልነኩህን ፋይሎች ሳይቀር ነካክተሃል። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ መፍትሔው ከመጣልህ በኋላ፣ ቢሮ ገብተህ 0ን በ3 ለወጥክና አለቀ።

የደከመ ሰው ኮድ መጻፍ ይችላል። የጻፈውን ማንበብ ግን ያቅተዋል፤ በዚህ ሥራ ደግሞ ከመጻፉ ማንበቡ ይበልጣል። የቀኑን ሥራ ቀን መጨረስ ስላቃተህ ከካሊፎርኒያው ስብሰባ በኋላ ትቀመጥበታለህ፣ በማግስቱ ፈዝዘህ ትውላለህ፣ እንደገና ለማታ ይተርፍሃል። በኛ ሙያ «ትናንት አልተኛሁም» ብሎ ቢሮ መግባት እንደ ጀግንነት ይቆጠራል። ይህ ጉራ ሁልጊዜ ያናድደኛል። ሌሊቱን ሙሉ ያፈረሰውን ጠዋት ሲጠግን የሚውል ሰው ምኑ ነው ጀግና?

እኔ ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ኮድ ስጽፍ የኖርኩት ባንክ ውስጥ ነው። ሒሳብ ሲዘጋ ካልሆነ በቀር ቢሮ አናድርም ነበር። 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ሰርቪስ ይሄድብኛል ብዬ እሮጥ ነበር። ጓደኞቼ «ደባሪ ሥራ» ይሉት ነበር፤ ይበሉ። የጻፍኩትን ሳያነብ የማያሳልፍ አለቃ ነበረኝ፣ ቤቴም ገብቼ እራት እበላ ነበር።

ስለዚህ የቀኑን ሥራ አትልቀቅ። ቀጣሪህ በየወሩ የደመወዝህን 11 በመቶ ለጡረታህ ያስገባል፤ አንተ 7 ትጨምራለህ። የካሊፎርኒያው ሰው አንድ ዓርብ «አመሰግናለሁ፣ እስከዚህ ነበር» ብሎ ቢጽፍልህ ምን ትይዛለህ? ደግሞ ገና ጀማሪ ነህ። ጎንህ ተቀምጦ «ይኼ 0 ምንድን ነው?» የሚልህ ሰው ያስፈልግሃል።

የማታውንም ዝም ብለህ ጣለው አልልም። ካሊፎርኒያ ከኛ 10 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፣ በክረምታቸው 11። የእነሱ ጠዋት የኛ ምሽት 1 ወይም 2 ሰዓት ነው። ደንበኛህን ስብሰባው በዚያ ሰዓት እንዲሆን፣ ሌላው ሁሉ በጽሑፍ እንዲያልቅ ጠይቀው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ላፕቶፑ ይዘጋ። ከመዝጋትህ በፊት የት እንደቆምክና ምን ሞክረህ እንዳልሠራ ሁለት መስመር ጻፍ፤ ጠዋት ከዚያ ትቀጥላለህ። ደንበኛህ እምቢ ካለ ጀርመን ወይም ስዊድን ያለ ፈልግ። ልዩነቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ብቻ ነው። ዩሮም ይመነዘራል።

አሁን ደስ የማይልህን ልናገር። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ወጣ። አንተም በዚያው ልክ ለቤተሰብህ ቃል ገባህ። እናትህ ምን ያህል እንደምታገኝና በስንት ሰዓት እንደምትተኛ ያውቃሉ? አያውቁም፤ ስላልነገርካቸው «ምን ያደክምሃል?» ቢሉህ አይፈረድባቸውም። ወረቀት ይዘህ አጠገባቸው ተቀመጥ። ኪራዩ ከቀኑ ደመወዝ ይከፈል፣ እሱን አትንካ። የኮሌጁን ክፍያ ግን «ከማታው ሥራ እስካገኘሁ ድረስ» ብለህ ንገራቸው። እህትህም ልጅ አይደለችም። የትርፍ ሰዓት ሥራ ብትይዝ ማንም አይሞትም። መጀመሪያ ቅር ይላቸው ይሆናል፤ ቅር ይበላቸው፣ ያልፋል።

የቀሩት ቀላል ናቸው። ማስተርሱ፣ ማስተማር ካላሰብክ ይቆይ። ጎ ጥሩ ቋንቋ ነው፣ ግን ቋንቋ መቀየር እንቅልፍ አይተካም። ኤአይ ኮዱን ይጽፍልህ ይሆናል፤ ጳጉሜን በትክክል መቁጠሩን የሚያየው ግን አንተ ነህ፣ ያውም ከነቃህ።

ለደንበኛህ በዚህ ሳምንት ጻፍለት። ሰዓቱን በእነሱ አቆጣጠር አድርገው እንጂ «1 ሰዓት» ብለህ እንዳትልክለት፣ ከሌሊቱ ነው ብሎ እንዳይደነግጥ።