ጥያቄና መልስ፦ ለትንሿ ስፓይደር የትኛው ሞተር ይበጃታል?

ጥያቄ

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ከኮምቦልቻ የምጽፍልዎ የመጽሔታችሁ የዘወትር አንባቢ ነኝ። አባቴ ትተውልኝ ያለፉት፣ በፈረንጆቹ 1969 የተሠራች፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ባለሁለት በር ፊያት 124 ስፓይደር መኪና አለችኝ። ሞተሯ የራሷ፣ ባለ 1438 ሲሲ ነው። ባለፈው ክረምት ወደ ደሴ ስወጣ ሐረጎ ላይ የራዲያተሩ ጎማ ተቀደደና ሞተሩ ከመጠን በላይ ጋለ፤ ከዚያ ወዲህ ዘይቱ ከውኃ ጋር ተቀላቅሎ ወተት መስሏል። የማውቀው መካኒክ «ይህን ሞተር ተወውና የሃይስ ሚኒባስ ባለ 2.4 ሊትር የናፍጣ ሞተር እናስገባባት፤ ዕቃው በየሱቁ ሞልቷል፣ ዳገትም አይፈራም» ይለኛል። ዕድሜያቸውን በላዳ ታክሲ ያሳለፉት አጎቴ ደግሞ «ላዳ የፊያት ልጅ ስለሆነ የላዳ ሞተር ልክክ ይልላታል» ይላሉ። አንድ ወዳጄም የሱዙኪ ቪታራ ሞተር ይሻላል ባይ ነው። መኪናዋን በየሳምንቱ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ልነዳት እፈልጋለሁ፤ የአባቴ ማስታወሻ ስለሆነችም የማይመለስ ጉዳት እንዲደርስባት አልሻም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ የናፍጣውን ሞተር እንዲያስገቡ አንመክርዎትም። መካኒክዎ ስለ መለዋወጫ የተናገሩት ትክክል ነው፤ የሃይስ ዕቃ በአካባቢያችሁ ለማግኘት አያስቸግርም፣ ሞተሩንም አሳምሮ የሚያውቅ ባለሙያ ሞልቷል። በሚኒባስ ላይ ስንት ዓመት ያገለገለ ብርቱ ሞተር መሆኑንም እኛው ራሳችን እንመሰክራለን። ሆኖም ለሚኒባስ የሚበጀው ሁሉ ለትንሽ ስፖርት መኪና አይበጅም፤ በተለይም የሐረጎን ቁልቁለት በየሳምንቱ ለምትወርድ መኪና።

መጀመሪያ ጉልበቱን እንመልከት። የስፓይደርዎ ሞተር በአዲስነቱ 90 የፈረስ ጉልበት ያህል ይሰጥ ነበር፤ ተርቦ (አየርን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ባለ 2.4 ሊትሩ የቶዮታ ናፍጣ ግን ከ80 ጥቂት ቢያልፍ ነው። እርግጥ ነው፣ ናፍጣው ሞተሩ በዝግታ በሚዞርበት ጊዜ የሚጎትትበት ኃይል ከፊያቱ በእጅጉ ይበልጣል፤ ይሁን እንጂ ይህ ኃይል ተሳፋሪና ጓዝ ጭኖ ዳገት ለሚወጣ ተሽከርካሪ የተሰላ ሲሆን፣ ክብደቷ ከ1,000 ኪሎ ግራም የማይሞላው መኪናዎ ያን ያህል አያስፈልጋትም። ከዚህም በላይ ናፍጣው ከፍተኛ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ 4,200 ዙር አካባቢ ሲሆን ፊያቱ ግን 6,000 እና ከዚያም በላይ በደስታ ይዞራል። የኋላው ዲፈረንሻል (የሞተሩን ዙር ቀንሶ ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ክፍል) የተመረጠው ለዚህ ፈጣን ሞተር ስለሆነ፣ ናፍጣውን በዚያው ካምቢዮና ዲፈረንሻል ላይ ቢያስሩት በእያንዳንዱ ማርሽ የሚደርሱበት ፍጥነት ከቀድሞው 70 በመቶ ገደማ ላይ ይቆማል። ይህን ለማስተካከል ዲፈረንሻሉንም መቀየር ግድ ይላል፤ አንዱ ለውጥ ሌላውን እየጎተተ የሚመጣውም እንዲህ ነው።

«ዳገት አይፈራም» የሚለውን አባባል ከከፍታው ጋር አያይዘን ልንመረምረው ይገባል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ያህል፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በደሴ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ተርቦ የሌለው ማንኛውም ሞተር፣ ቤንዚንም ይሁን ናፍጣ፣ ከጉልበቱ ሩብ የሚሆነውን እዚያ ያጣል። ናፍጣው ከዚህ ሕግ ነፃ አይደለም፤ እንዲያውም ፖምፓው ለዝቅተኛ ቦታ በተስተካከለበት መጠን ነዳጅ መስጠቱን ከቀጠለ፣ አየሩ ስለሚያንስ ያልተቃጠለው ነዳጅ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። የቤንዚኑ ሞተር በፊናው ካርቡራቶሩ ነዳጅ ያበዛበታል፤ ይህ ግን የነዳጅ መርጫዋን ቀዳዳ በትንሿ ቀይሮ የሚታረም ነው፤ ለደሴና ለኮምቦልቻ መኪና ደግሞ ከማንኛውም ሞተር ቅየራ አስቀድሞ ሊደረግ የሚገባው ሥራ ነው።

አጥብቀን ልናሳስብዎ የምንፈልገው ግን ስለ ቁልቁለቱ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳሉ፤ ወራጁም ጠመዝማዛ ነው። የቤንዚን ሞተር እግርዎን ከነዳጁ ሲያነሡ የአየር መግቢያው ስለሚዘጋ ፒስተኖቹ አየር ለመሳብ ይታገላሉ፣ በዚህም መኪናውን ይይዛሉ። አብዛኞቹ የናፍጣ ሞተሮች ግን የአየር መግቢያቸው ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ያመቁት አየርም ፒስተኑን መልሶ ስለሚገፋው፣ ሞተሩ ከሚጠበቀው በታች ነው የሚይዘው። ከባድ መኪኖች በጭስ ማውጫቸው ላይ ተጨማሪ ማገጃ የሚገጠምላቸው ለዚህ ነው፤ በኮምቦልቻ የሚያልፍ ማንኛውም የከባድ መኪና አሽከርካሪ ይህን ያረጋግጥልዎታል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ፣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አደጋም አለ። የመኪናዎ የፍሬን ማገዣ የሚሠራው የቤንዚኑ ሞተር አየር ሲስብ በሚፈጥረው ባዶ ግፊት ነው። የናፍጣው ሞተር ይህን ግፊት አይፈጥርም፤ በሃይስ ላይ ሥራውን የሚሠራው ከዲናሞው ጀርባ የተገጠመ ትንሽ ፖምፓ ነው። ርካሽ ስለተገኘ ብቻ ፖምፓ የሌለው ሌላ ዲናሞ ቢታሰርበት፣ ወይም ቱቦው በትክክል ባይገናኝ፣ ፔዳሉ ድንጋይ ሆኖ የሚቀረው ሐረጎ ላይ ነው። ከሞተሩ ክብደት የተነሣ ፊቷ በሚከብድ መኪና ላይ ይህ ሲደርስ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ክብደቱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። የናፍጣው ሞተር ከፍተኛ እመቃን እንዲችል ተደርጎ በወፍራሙ የተሠራ ስለሆነ ከፊያቱ ብዙ ይከብዳል፤ ክብደቱም በሙሉ የሚያርፈው በፊት ጎማዎች ላይ ነው። ስፓይደር የተወደደችው በጥምዝ ላይ ለመሪዋ ፈጥና ስለምትታዘዝ ነው፤ ይህን ከወሰዱባት የሚቀርዎ ቆንጆ ቅርጿ ብቻ ነው። ቁመቱም ስለሚረዝም ኮፈኑን መቅደድ ወይም የፊቱን ተሸካሚ ብረት መቁረጥ ሊያስፈልግ ይችላል። ቋሚ ጣሪያ የሌላት መኪና ጥንካሬዋን የምታገኘው ከወለሏና ከበሮቿ ሥር ካለው ብረት በመሆኑ፣ የናፍጣው ንዝረት ያረጀ ላሜራ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከሚኒባስ ይብሳል። የማይመለስ ጉዳት አልሻም ብለው ጽፈውልናል፤ ይህ የማይመለስ ጉዳት ነው።

ወደ አጎትዎ ሐሳብ እንምጣ፤ እኛ ከሦስቱ የወደድነው ይህንኑ ነው፣ ምንም እንኳ ግማሹ ብቻ እውነት ቢሆንም። ፊያትና የሶቪየት መንግሥት በፈረንጆቹ 1966 በተዋዋሉት መሠረት በቶሊያቲ ከተማ ፋብሪካ ተቋቁሞ፣ የመጀመሪያዋ ላዳ ከፊያት 124 የቤት መኪና ተወስዳ በፈረንጆቹ 1970 መመረት ጀመረች። ሩሲያውያኑ ግን ሞተሩን እንዳለ አልወሰዱትም። የላዳው ሞተር ቫልቮቹን የሚከፍትና የሚዘጋ አንድ ዘንግ ከላይ ያለውና በሰንሰለት የሚዞር ሲሆን፣ የእርስዎ ግን ጣሊያናዊው መሐንዲስ አውሬሊዮ ላምፕሬዲ የነደፉት፣ ሁለት ዘንግ ያለውና በጎማ ቺንጋ የሚዞር ነው። ስለዚህ ዝምድናው በአካል ነው፤ ሞተሮቹ የተለያዩ ናቸው። ይህም ሆኖ የላዳው ሞተር የተወለደው ለዚሁ መጠን መኪና ነው፤ አራት ሲሊንደር፣ የኋላ ጎማ የሚያሽከረክር፣ ካርቡራቶር ያለው፣ ለፍሬን ማገዣው የሚሆን ባዶ ግፊት ራሱ የሚፈጥር፣ ከ5,000 ዙር በላይም ሳይቸገር የሚሄድ ነው። ባለ 1.5 ሊትሩ ከ70 የፈረስ ጉልበት ጥቂት ከፍ ይላል። ይህ ከቀድሞው ያንሳል፤ ነገር ግን የመኪናዋ ጠባይ አይለወጥም፣ አጎትዎም ሞተሩን ጨለማ ውስጥ ሊፈቱት ይችላሉ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ እንጨምር፦ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የላዳውን ሞተር ጀርባና የፊያቱን ካምቢዮ ፊት አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠው የብሎን ቀዳዳዎቹን፣ የቮላኖውን (ከሞተሩ ጀርባ የሚዞረውን ከባድ ክብ ብረት) ጥልቀትና የፍሪሲዮኑን ልክ በካሊፐር ያስለኩ። «ልክክ ይላል» በሚል ቃል ብቻ አይግዙ።

የቪታራው ባለ 1.6 ሊትር ሞተር በወረቀት ላይ ካየነው ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ብሎኩም (የሞተሩ ዋና አካል) ቴስታታውም (ከላይ የሚከድነው ክፍል) አሉሚኒየም ስለሆነ ቀላል ነው፣ ባለ 16 ቫልቩም ከፊያቱ የማያንስ ጉልበት አለው። ነገር ግን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘውን ብረት ቶርኖ ቤት ማሠራት፣ የነዳጅ ፖምፓውን መለወጥ፣ ኮምፒውተሩንና ሽቦውን በሙሉ ማስተላለፍ ያስፈልጋል። በኤሌክትሪክ ሥራ የሚተማመኑበት ባለሙያ ከሌለዎት አይጀምሩት።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ፣ የራስዎ ሞተር ሞቷል ብሎ የወሰነው ማን እንደሆነ እንጠይቃለን። ውኃና ዘይት መቀላቀሉ በአብዛኛው የሚያመለክተው የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በብሎኩና በቴስታታው መካከል ያለው ማሸጊያ) መቃጠሉን ወይም አሉሚኒየሙ ቴስታታ በሙቀት መጣመሙን ነው። ዘይቱን አሁኑኑ ያፍስሱትና ሞተሩን አያስነሡት፤ ውኃው በውስጡ በቆየ ቁጥር ብረቱን ይበላዋል። ቴስታታውን አስፈትተው በቀጥ ያለ ማስመሪያ ያስለኩት፤ ጠማማነቱ ጥቂት ከሆነ ተላጭቶ ይስተካከላል፤ ብሎኩም መሰንጠቁና አለመሰንጠቁ በግፊት ይፈተሽ። በዚያው ቺንጋውንም አዲስ ያድርጉት፤ በዚህ ሞተር ላይ ቺንጋ ሲበጠስ ቫልቮች ሊጣመሙ ይችላሉና። ብሎኩ ተሰንጥቆ ቢገኝ እንኳ፣ የላምፕሬዲ ሞተር በፊያት 125፣ 131 እና 132 ላይም ስለተገጠመ፣ ወደ ላዳው ከመሄድዎ በፊት ከእነዚህ የአንዱን አሮጌ ሞተር አዲስ አበባ ውስጥ ያስፈልጉ።

የላዳውን ሞተር የሚያስገቡ ከሆነም አሮጌውን ሞተር በዘይት አርሰው፣ ቀዳዳዎቹን ደፍነው ያስቀምጡት እንጂ ለብረት ገዢ አይስጡት፤ ሻንሲውን ሳይቆርጡ ማሰሪያዎቹን በብሎን ብቻ ያሠሩ። የሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ የሚመዘገብ ስለሆነ፣ የሚገዙት ሞተር ቁጥሩ ያልተፋቀና ሕጋዊ የግዢ ሰነድ ያለው መሆኑን ያረጋግጡ፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊትም የተሽከርካሪ ምዝገባ ቢሮውን ሄደው ይጠይቁ። የቴስታታው ልኬት ሲታወቅ ውጤቱን ቢጽፉልን ቀጣዩን እርምጃ በሚቀጥለው እትም አብረን እናየዋለን።