ጣሪያው ይቅደም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የተወለድኩት ምሥራቅ ጎጃም ገጠር ነው። የአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ክብ፣ ግድግዳውም ጭቃ ነው። ቆርቆሮው ዝጎ ያፈሳል፤ የመቅደሱ ሥዕሎች እየረጠቡ ነው። አዲስ አበባ ያለን ተወላጆች ገንዘብ እንድናሰባስብ ተጠየቅን። ግማሾቹ «አፍርሰን በብሎኬት እንሥራው» ይላሉ። ከምን እንጀምር?
የአጥቢያው ልጅ፣ ከኮተቤ

መልስ፦ እህቴ፣ እባካችሁ አታፍርሱ። እናንተ አካባቢ የመቅደስ ሥዕል በአብዛኛው የሚሣለው ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ሸማ ላይ ነው። ውሃ ሲነካው ይላቀቃል። ግድግዳው ከፈረሰማ አብሮ ይሄዳል። ብሎኬት መቼም ይገዛል፤ ያን የሣሉትን አባቶች ግን ከየት እናመጣለን?

ስለዚህ መጀመሪያ ለጣሪያው ብቻ ለምኑ። እኔ የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ሰው «ለእድሳት» ሲባል መቶ ብር ሰጥቶ ያልፋል። «የአንድ ቆርቆሮ ዋጋ ይኸው፣ የማገሩና የሚስማሩ ይኸው» ሲባል ግን «የአምስቱን እኔ እችላለሁ» ይላል። በንግሥ ቀን እናቶች መቀነታቸውን ፈትተው ሲሰጡ አይቻለሁ። ያን ብር የያዘ ሰው እንቅልፍ ሊወስደው አይገባም።

ሰበካ ጉባኤው በቃለ ጉባኤ ይወስን፤ ከሀገረ ስብከቱም ደብዳቤ ያዙ። በየመንገዱ ጥላ ዘርግተው በቤተ ክርስቲያን ስም የሚያጭበረብሩ ስላሉ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። የባንክ ሂሳቡ በቤተ ክርስቲያኑ ስም፣ በጣምራ ፊርማ ይሁን። በግለሰብ ቴሌብር አትቀበሉ። ለአምስት ብርም ደረሰኝ ቁረጡ። ዓረብ አገር ያሉ እህቶቻችን የሚልኩት የላባቸውን ነው። ደረሰኙንም፣ መኪና ላይ የተጫነውን ቆርቆሮም ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ላኩላቸው።

ሥራውን ሳትጀምሩ የዞኑን ባህልና ቱሪዝም ጠይቁ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይጠገን ይከለክላል። ካህናቱ ሥዕሎቹን በአራቱም ማዕዘን ፎቶ ያንሷቸው። ባለሙያ ሳያይ ቀለም ቀቢ እንዳይጠጋ! የተሰነጠቀውን ግድግዳ በጭድ ጭቃ አስለስኑት። ሲሚንቶ እርጥበቱን አምቆ ጭቃውን ከውስጥ ይበላዋል። ጭዱንና ውሃውን ምእመኑ ያቀርባል፤ ለእሱ ብር አታባክኑ።

ገንዘቡ ሰኔ ሳይገባ ካልሞላ ደግሞ ወፍራም ሸራ ገዝታችሁ ላኩ። የሚያፈሰው ላይ ወጥረው በገመድ ይሰሩት፤ ክረምቱን ያሻግራል። ቆርቆሮው ለጥቅምት ይደርሳል።