የዌስት ቨርጂኒያ ከሰል ቆፋሪዎች ታሪክ፦ ተራው ሰው የት አለ?

በአሜሪካ የዌስት ቨርጂኒያን ከሰል ቆፋሪዎች ታሪክ ስታጠና ስለ ኩባንያና ስለ አድማ ብቻ እያገኘህ ተራው ሰው ከጠፋብህ፣ እ.ኤ.አ. በ1920 ከተደረገው የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ጀምር። ፋሚሊሰርች (FamilySearch) በተባለው የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ታገኘዋለህ።

የዌስት ቨርጂኒያን ማክዳዌል ካውንቲ (ወረዳ) ምረጥና አንድ የማዕድን ሠፈር ገጽ በገጽ አንብብ። የትውልድ ቦታ፣ ሥራ፣ ቤቱ የግል ይሁን የኪራይ፣ ሁሉም ተጽፏል። ከደቡብ የመጡ ጥቁሮችን፣ ጣሊያኖችንና ሃንጋሪዎችን ታያለህ። አፓላቺያ፣ ማለትም ዌስት ቨርጂኒያ ያለችበት ተራራማ አካባቢ፣ የነጭ ገበሬ አገር ብቻ ነው የሚለው ወሬ እዚያው ያበቃለታል።

የኪራይዋን ዓምድ በደንብ እያት። አከራዩ ብዙ ጊዜ የከሰል ኩባንያው ራሱ ነበር፤ የሠራተኛ ማኅበር የገባ ሠራተኛ ከነቤተሰቡ ሜዳ ላይ ይጣል ነበር። በዚያው ዓመት ሜትዋን በምትባል የዌስት ቨርጂኒያ ከተማ በማዕድን ሠራተኞች ወገንና ኩባንያው በቀጠራቸው ጠባቂዎች መካከል የተደረገው ተኩስም የተነሳው ሰው ከቤት ከማስወጣት ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ በስም አትፈልግ። ቆጣሪዎቹ የውጭ ስም እንደመጣላቸው ነው የጻፉት፤ እኔን አሳሬን አብልቶኛል። በቦታ ፈልግ።