ኮርስህን ሳታስጠላ እጅህን ማዳን ይቻላል፤ ስቴሙን ግን ገና አትገልብጠው

ወንድሜ፣ ጥያቄህንም ፎቶዎችህንም ደጋግሜ አየሁ። ዘግይቶ ለገባ ሰው ነገሩ ይህ ነው፦ ልጁ ያገለገለ 56 ቁጥር የአሉሚኒየም ኮርስ (መሪው ወደ ታች የታጠፈ የጎዳና ሳይክል) ገዝቷል፤ ፎርኩ፣ ማለት የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ፣ ካርቦን ነው፤ የራሱ ቁመት 1.72። ከካዛንቺስ ፒያሳ ደርሶ ሲመለስ የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ይደነዝዛሉ፣ ማጅራቱን ያመዋል። ግማሾቻችሁ «ስቴሙን (መሪውን ከፎርኩ ቱቦ ጋር የሚያገናኘውን ክንድ) ገልብጠው» አላችሁት፣ ግማሾቻችሁ «ቻለው፣ ትለምደዋለህ»። እሱ ደግሞ ያ ዝቅ ብሎ የተኛው ጥቁር ስቴም ሽቅብ ካንጋጠጠ ኮርሱ የፖስተኛ ሳይክል እንዳይመስልበት ሰግቷል።

መስጋቱ አይፈረድበትም። «መልክ ምን ያደርጋል፣ ዋናው ምቾት» የሚሉ ሰዎች ሳይክላቸውን በረንዳ ላይ ሸራ አልብሰው ዓመት ሲያስቀምጡት አይቻለሁ። ሰው ሲያየው ደስ የማይለውን ሳይክል አይነዳም። ስለዚህ መልኩ ሳይነካ እስከ የት መሄድ እንደሚቻል ልንገርህ።

ከጎን የተነሳውን ፎቶ ተመልከተው። የኮርቻህ አፍንጫ ወደ ታች ደፍቷል። እንዲህ ሲሆን በተነዳ ቁጥር ወደ ፊት ትንሸራተታለህ፣ ሳይታወቅህም በእጅህ እየገፋህ ራስህን ወደ ኋላ ትመልሳለህ። በመዳፍህ ጠርዝ፣ በትንሿ ጣት በኩል የሚያልፍ አልናር የሚባል ነርቭ አለ፤ የአንተ ሁለት ጣቶች የሚደነዝዙት እሱ ሲጫን ነው። ኮርቻው ላይ ጠንካራ መጽሐፍ አጋድም፣ ስልክህን መጽሐፉ ላይ አስቀምጥና የስልኩ ውሃ ልክ ዜሮ እስኪል ድረስ ብሎኑን አላልተህ አስተካክል። ምንም ብር አያስወጣም፣ መልኩንም ያሳምረዋል፤ አፍንጫው የደፋ ኮርቻ ለዓይንም አይመችም።

የኮርቻውን ቁመት እዚያው ሳለህ ለካው። ጫማህን አውልቀህ ግድግዳ ተደገፍ፣ መጽሐፍ በእግሮችህ መሃል ሽቅብ አጥብቀህ ያዝና ከወለሉ እስከ መጽሐፉ የላይኛው ጠርዝ ለካ። ያን በ0.883 አባዛው። 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 70.6 ይመጣል፤ ይህ ክራንኩ (ፔዳሎቹን የያዘው ክንድ) ከሚዞርበት መሃል እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት ነው። መነሻ ቁጥር ነው፣ ጫማና የፔዳል ዓይነት ትንሽ ይለዋውጠዋል። በጣም ከፍ ያለ ኮርቻም ክብደትህን ወደ እጅህ ይደፋዋል።

አንዱ ወንድማችን «ኮርቻውን ወደ ፊት ሳበው፣ መሪው ይቀርብሃል» ብሎሃል። እባክህ አታድርገው። የኮርቻ ቦታ የሚወሰነው በእግርና በጉልበት ነው። ለእጅ ብለህ ወደ ፊት ካመጣኸው የሰውነትህ ሚዛን አብሮ ወደ ፊት ይመጣና እጅህ ላይ የሚያርፈው ክብደት ጭራሽ ይጨምራል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ሁሉም ስለ መሪው ቁመት አወራ፤ የአንተ ችግር ግን ይበልጡን ርቀት ነው። ለ1.72 ቁመት በተለምዶ 52 ወይም 54 ቁጥር ፍሬም ነው የሚሆነው። 56 ፍሬም ከፊት ለፊቱም ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ስቴሙ ዝቅ ቢልም መሪህ ያን ያህል ዝቅ አላለም። የተዘረጋኸው ወደ ፊት ነው። እዚያ ላይ ስቴሙ 120 ሚሊ ሜትር ነው፤ የበፊቱ ባለቤት ረጅም ሰው ሳይሆን አይቀርም። መሪው ደግሞ የድሮው ዓይነት ረጅም አፍንጫ ያለው ነው፤ ከላይኛው ቀጥ ያለ ክፍል እስከ መታጠፊያው ጫፍ 85 ወይም 90 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት የሚሄድ።

መልክህን የሚያድንልህ እዚህ ጋ ነው። ስቴሙን ያው ማዕዘን፣ ያው ቀለም ባለው 100 ሚሊ ሜትር ቀይረው። መሪውን ደግሞ ኮምፓክት በሚባለው ተካው፤ ወደ ፊት 70 ወይም 75 የሚሄድ፣ ወደ ታች 125 አካባቢ የሚወርድ። ሁለቱ ተደምረው እጅህ የሚያርፍበትን ቦታ 3 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ያቀርቡልሃል። ሦስት ሴንቲ ሜትር በብስክሌት ላይ ብዙ ነው። ሆኖም ከመንገድ ዳር ቆሞ የሚያየው ሰው ምንም አያውቅም፤ ስቴሙ እንደተኛ ነው፣ መስመሩ እንዳለ ነው። የታችኛው መታጠፊያም አሁን የማትደርስበት ጌጥ ነው፤ ያኔ በደንብ ትይዘዋለህ። ከ80 በታች ወዳለ ስቴም ግን አትውረድ። መሪው ይቀብጥብሃል፣ ትልቅ ፍሬም ላይ ደግሞ አጭር ስቴም እንደ ተቆረጠ ክንድ ያስቀይማል። 80 ካልበቃህ ፍሬሙ የአንተ አይደለም ማለት ነው፣ ሽጠው። 56 የሚፈልግ አይጠፋም።

ስትገዛ የስቴሙ መያዣ ከመሪው ውፍረት ጋር መግጠሙን አረጋግጥ። የአሁኖቹ 31.8 ሚሊ ሜትር ናቸው፣ የድሮዎቹ 26። መርካቶ ውስጥ ሁለቱም አንድ ሳጥን ውስጥ ተደባልቀው ታገኛቸዋለህ፣ ሻጩም «ይሆናል፣ ይሆናል» ማለቱ አይቀርም። 26ን በ31.8 ውስጥ በቆርቆሮ ጠቅልሎ ማጥበቅ ራስን መግደል ነው። የመሪውን ስፋት ደግሞ ከትከሻ አጥንት እስከ ትከሻ አጥንት ለክተህ ምረጥ፤ ለአንተ 40 ወይም 42 ሴንቲ ሜትር ይመስለኛል። አንዳንዱ አምራች ከመሃል እስከ መሃል ይለካል፣ ሌላው ከውጭ እስከ ውጭ፣ ልዩነቱም 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ሜትር ይዘህ ሂድ። ቪዲዮ ላይ የምታያቸውን ጠባብ መሪዎች ለተወዳዳሪዎቹ ተውላቸው። ነገሩ ከልክ በማለፉ የዓለም የብስክሌት ማኅበር ዩሲአይ ራሱ ከ2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጎዳና ውድድር ከውጭ እስከ ውጭ ከ400 ሚሊ ሜትር የሚጠብ መሪ እንዳይኖር ደንግጓል።

«ቻለው» ላሉህ ደግሞ እንዲህ በላቸው። በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ የተሰለፈው ጽጋቡ ግርማይ ደረጃ ላይ ያለ ሰው፣ እግሩ ፔዳሉን በሚገፋበት ኃይል ነው ደረቱን የሚሸከመው። ፔዳል በኃይል ሲገፋ ሰውነት ወደ ላይ ይደገፋልና እጅ ላይ የሚያርፈው ክብደት ይቀንሳል። እኛ አምባሳደር ጋ መብራት ይይዘናል፣ ሒልተን ጋ ሚኒባስ ይቆምብናል፣ እየተንቀራፈፍን እንሄዳለን። እግራችን ካልገፋ ክብደታችን የሚሄደው ወደ መዳፋችን ነው። በዚያ ላይ እኛ ቀና ብለን የታክሲውን ረዳት እጅ እናያለን፣ የሚከፈት በር እንጠብቃለን። ዝቅ ብሎ ተዘርግቶ ቀና ማለት ማለት ማጅራት ነው፤ ያንተ ሕመም ከዚያ ነው።

ዝቅ ማለት የሚሰጠው የነፋስ ጥቅም እንኳ እዚህ ያንሳል። ቤልጂጋዊው ብስክሌተኛ ኤዲ መርክስ በጥቅምት 1972 እ.ኤ.አ. በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ሜክሲኮ ሲቲ ድረስ የሄደው (የኛ ሜክሲኮ አደባባይ አይደለም) አየሩ ስስ ስለሆነ ነው፤ ከተማዋ 2,240 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዲስ አበባ ከዚያ ትበልጣለች። አየራችን ከባሕር ጠለል አየር ሩብ ያህል ይሳሳል፣ ስለዚህ የሚገታን ነፋስም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የሚያጥረን ትንፋሽ ነው። ሆድህን አጥፈህ ቸርችል ጎዳናን ከለገሃር ሽቅብ ስትወጣ የትኛው እንደሚጠቅምህ ሳንባህ ራሱ ይነግርሃል።

ውበት ማለት ስቴም መቅበር፣ ማለት እስከ ታች ማውረድ፣ ነው የሚለውም ትናንት የመጣ ነገር ነው። እነ ብስክሌተኛው ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ በተወዳደሩበት ዘመን የነበሩትን ኮርሶች ፎቶ ፈልገህ እይ። የላይኛው ቱቦ እንደ መሬት የተጋደመ፣ መሪው ከኮርቻው ጥቂት ብቻ ዝቅ ያለ፣ ስቴሙ ቀጭን ብረት። ከዚያ የሚያምር ሳይክል እስካሁን አላየሁም። ያማረው መስመሮቹ ስለሚነጋገሩ ነው፤ ስቴሙ ከላይኛው ቱቦ ጋር ትይዩ ነው፣ ኮርቻው ቀጥ ብሏል፣ ቀለሙ አንድ ነው።

ስለዚህ ከርቀቱ በኋላ ቁመት ከፈለግህ፣ ፎቶህ ላይ ከስቴሙ በላይ 2 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ ስፔሰሮች (የስቴሙን ከፍታ የሚወስኑ ቀለበቶች) ተደርድረው አያለሁ። የፎርኩ ቱቦ አልተቆረጠም ማለት ነው፣ ዕድለኛ ነህ። መጀመሪያ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ስቴሙ ሥር አውርድ፣ ሳምንት ንዳው፣ ካልበቃህ ሌላውን አውርድ። አምስት ስስ ቀለበት ከመደርደር አንድ ወፍራም ጥቁር ይሻላል፣ ለዓይን። አንድ 5 ሚሊ ሜትር ግን ከላይ ይቅር፤ ስቴሙ የካርቦን ቱቦውን ሙሉ በሙሉ እንዲጨብጠው ነው። ከላይ የሚተርፈውን ቱቦ ለማስቆረጥ አትቸኩል። የተቆረጠ አይቀጠልም።

ስቴሙን መገልበጥ የመጨረሻው ነው፤ ግን ምን እንደሚያመጣ እወቀው። 100 ሚሊ ሜትር፣ 6 ዲግሪ የሚል ስቴም ሲገለበጥ መሪውን ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያደርገዋል፣ ጥቂትም ያቀርበዋል። የላይኛው ቱቦ ወደ ኋላ ተዳፋት በሆነ ፍሬም ላይ፣ እንዳንተው ባለ፣ ሽቅብ ያየ ስቴም ያን ያህል አያስጠላም፤ ቁልቁለቱን ተከትሎ ይሄዳል። ቱቦው በተጋደመ የድሮ ፍሬም ላይ ነው ዓይን የሚወጋው።

ሥራውን ራስህ ትችላለህ። የላይኛውን ክዳን ብሎን ፍታ፣ የስቴሙን የጎን ብሎኖች አላላ፣ ስፔሰሩን ቀይር። ስትመልስ በመጀመሪያ የክዳኑን ብሎን ለስለስ አድርገህ አጥብቅ፣ መሪውን ከጎማው ጋር አስተካክል፣ ከዚያ የጎኖቹን በየተራ። ስቴሙ ላይ የተጻፈውን የኒውተን ሜትር ልክ አትለፍ፣ ብዙውን ጊዜ 5 ነው። የፊት ፍሬን ይዘህ ሳይክሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅንቀው፤ የሚንኳኳ ነገር ካለ ክዳኑ ላልቷል። ካርቦን ፎርክን ለማንኛውም ጎሚስታ በትልቅ ቁልፍ አታስይዘው። መሪውን ከፍ ካደረግህ በኋላ ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙረህ ካቦዎቹ እንዳልተወጠሩ እይ።

ሁዱ፣ ማለት እጅህ የሚያርፍበት የፍሬን ላስቲክ፣ ፎቶህ ላይ በጣም ወደ ታች ወርዷል፣ አንጓህ እየተሰበረ ነው። ከመሪው ጋር አንድ ቀጥ ያለ ወለል እስኪሠራ ድረስ ወደ ላይ አውጣው። ጣትህ አጭር ከሆነ ብዙ የፍሬን ማንሻዎች ወደ መሪው የሚያቀርባቸው ትንሽ ብሎን አላቸው፣ ፈልገው። ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስትወርድ በሁለት ጣት ፍሬን መድረስ አለብህ፤ ዝናብ ሲሆን ደግሞ በእርግጠኝነት።

ጎማ፦ ፍሬሙ ከቻለ 28 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው። ከ25 ጋር ሲታይ መልኩ ላይ ለውጥ የለም፣ የጎማውንም ነፋስ ትንሽ ልታላላ ትችላለህ። ኮብልስቶን ላይ ልዩነቱን እጅህ ያውቀዋል።

ቀጥ ያለ መሪ ግጠምበት ያለህን ግን አልስማማም። የፍሬን ማንሻውንና የማርሹን መቀየሪያ ጭምር መግዛት ይመጣል፣ እጅህም አንድ ቦታ ብቻ ይታሰራል። የኮርስ መሪ ጥቅሙ እጅን ሦስት አራት ቦታ ማፈራረቁ ነው።

የመሪውን ቴፕ መጨረሻ ላይ ግዛ፤ ሁዱን ለማንሳት የግድ መፈታት አለበት፣ የድሮው ሲፈታ ደግሞ ይበጣጠሳል። እስከዚያ ድረስ በኤሌክትሪክ ፕላስተር ጠቅልለህ ንዳ። ባለ 31.8 ጥቁር 100 ስቴም እኔ ጋ ተቀምጧል፣ ስታዲየም አካባቢ ነኝ። ከመግዛትህ በፊት ወስደህ ሞክረው፤ ኮርቻውን አስተካክለህ ና እንጂ፣ አለበለዚያ የቱ እንደረዳህ አናውቅም።