«ሃው ዱ ዩ ፊል?» ሲሉን ምን እንበል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው «ፊል» (feel፣ መሰማት) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በግድ አማርኛ ላይ እየጫንነው ነው፣ «ደከመኝ» ማለት ሲገባን «የድካም ስሜት ይሰማኛል» እንላለን ብዬ ጽፌ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬ፣ ስም ትቼ አቅርቤያቸዋለሁ።

አሜሪካ ከገባች ሦስት ወር የሆናት እህት። የሥራ ባልደረባዋ ምሳ ሰዓት ላይ «አይ ፊል ላይክ ፒዛ» አለቻት። «ፒዛ ፒዛ እሸታለሁ ማለቷ ነው?» ትላለች።

ፒዛ አማረኝ ማለቷ ነው። ሌላ ቀን «አይ ፊል ላይክ ክራይንግ» ካለችሽ ደግሞ አልቅሺ አልቅሺ አለኝ ነው።

የመድረክ መሪ፣ ከአዲስ አበባ። «‹ጥያቄ ካላችሁ ነፃነት ይሰማችሁ› ብዬ ስናገር አንድ አዛውንት ተነስተው ‹ይሄ አማርኛ አይደለም› አሉኝ። ሰዉ ሁሉ እኮ ይለዋል!» ይላል። ቅር ብሎታል።

አዛውንቱ ልክ ናቸው። «ፊል ፍሪ» ቃል በቃል ተገልብጦ ነው የመጣው። አማርኛ «ሳትሳቀቁ ጠይቁ» ይላል፤ «እንደ ልባችሁ» ይላል። ቤትህ ለመጣ እንግዳ «ቤትህ ነው፣ ተጫወት» ትለዋለህ እንጂ ነፃነት ይሰማህ አትለውም። ሰዉ ሁሉ ስላለው ልክ አይሆንም።

ነገሩ ከአንድ አባባል በላይ ስለሆነ ትንሽ ልጨምር። «ፊል» በጥንቱ እንግሊዝኛ «ፌላን» ነበር፤ በእጅ መዳሰስ ማለት ነው። ከእጅ ተነስቶ ወደ ብርድ፣ ወደ ሐዘን፣ ወደ ሐሳብ ሄደ። የእኛው ስሜት የተነሳው ከጆሮ ነው፦ ሰማ፣ ተሰማኝ፣ ስሜት። እነሱ ከዳሰሳ፣ እኛ ከመስማት ተነስተን አንድ ቦታ ላይ ተገናኘን። ግን እነሱ በአንድ «ፊል» የሚሸፍኑትን ሁሉ እኛ በ«ይሰማኛል» አንሸፍነውም። ለእያንዳንዱ የራሱ ግሥ አለን። በረደኝ፣ ራበኝ፣ ከፋኝ፣ ናፈቀኝ፣ ጨነቀኝ፣ ደበረኝ። በእንግሊዝኛው አድራጊው ሰውዬው ነው። በእኛ ብርዱ፣ ረሃቡ፣ ናፍቆቱ ራሱ መጥቶ ሰውየውን ይይዘዋል። «የድካም ስሜት እየተሰማኝ ነው» የሚል ሰው በሬዲዮ ስሰማ ትዕግሥቴ ያልቃል። ደክሞሃል። ደከመኝ በል!

«አይ ፊል ዛት» ብሎ ሐሳቡን ለሚጀምር ሰው ደግሞ «ይመስለኛል» በቂው ነው።

የግንባታ ሠራተኛ፣ ከዱባይ። «ስልኬ 39 ይልና ከሥሩ ‹ፊልስ ላይክ 48› ብሎ ይጽፋል። የቱን ልመን?»

ሁለቱንም እመን። 39 የአየሩ ሙቀት ነው። 48 ሰውነትህ የሚቀምሰው ነው። ላብ የሚያቀዘቅዘን ሲተን ነው። እንደ እናንተ አገር በባሕር ጠረፍ ያለ አየር እርጥበት ከጠገበ ላቡ ይንቆረቆራል እንጂ አይተንም፤ ሙቀቱም ውስጥህ ይቀራል። በብርድ አገር ይህንኑ ሥራ የሚሠራው ነፋስ ነው። ሲፕልና ፓሰል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን አንታርክቲካ ላይ ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ በነፋስ መሃል በረዶ ለመሆን የሚፈጅበትን ጊዜ ለክተው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1945 አሳተሙ። የብርዱ «ፊልስ ላይክ» ከዚያ ይጀምራል።

አንተን የሚመለከተው ግን ይሄ ነው። የሙቀቱ «ፊልስ ላይክ» ቀመር የተሠራው ጥላ ውስጥ ላለ ሰው ነው። ቀጥታ ፀሐይ ላይ ከሆንክ እስከ 8 ዲግሪ ሊጨምር ይችላል። በኤምሬትስ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራት ክልክል ነው። ይህን ሰዓት አሳልፈህ አትስጥ። ራስህን ካዞረህ ወይም ካቅለሸለሸህ ሥራውን ጥለህ ጥላ ግባ። ጓደኛህ የሚናገረው ከጠፋው «ትንሽ ይተኛ» አትበል፤ ወዲያው 998 ደውለህ አምቡላንስ ጥራ፣ እስኪመጣም ውሃ እያፈሰስክ አቀዝቅዘው።

ልጅ ስለ አባቷ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ። አባቷ 71 ዓመታቸው ነው፤ ስኳር አለባቸው። ሐኪሙ እግራቸው ላይ «ፊሊንግ» እንዳለ ጠየቀ። በስልክ ያለው አስተርጓሚ «በእግርዎ ስሜት አለዎት?» አላቸው። እሳቸው ተቆጡ። «በዚህ ዕድሜዬ ስለ ስሜት ይጠይቀኛል?» ብለው «ደህና ነኝ በለው» አሉና ነገሩ በዚያው ተዘጋ። «ለመሆኑ ትክክለኛው ትርጉም ምን ነበር?» ትላለች።

እህቴ፣ «ሲነኩዎት ይታወቅዎታል? ወይስ ደንዝዞብዎታል?» ነበር። በቃ ይሄው ነው።

አባትሽ መቆጣታቸው ይገባኛል። ስሜት በአማርኛ የወሲብ ፍላጎትም ነው። አንድ የተከበረ ሰው በማያየው ሰው፣ ልጁ አጠገቡ ተቀምጣ እንዲህ ሲጠየቅ ምን ይበል? እኔም የምተዳደረው በሕክምና አስተርጓሚነት ስለሆነ ይህ ጥያቄ ልቤን ነክቶታል። ጥፋቱ የአባትሽ አይደለም። ቃል ቆጥሮ ያስተረጎመው ሰው ጥፋት ነው።

ሐኪሙ ሊያውቅ የፈለገውን ልንገርሽ። ስኳር ሲቆይ የእግርን ነርቭ ይጎዳል። ምርመራው ደግሞ ቀላል ነው። በሽተኛው ካልሲውን አውልቆ ዓይኑን ይጨፍናል። ሐኪሙ እንደ ዓሣ ማጥመጃ ክር ያለች ቀጭን የናይለን ዘንግ ያወጣል፤ በ10 ግራም ኃይል ስትጫን እንድትጎብጥ ሆና የተሠራች ናት። በአውራ ጣቱና በውስጥ እግሩ ላይ እየነካ «አሁንስ?» ይላል። አንድ ጊዜ እንዲህ ሳስተረጉም አንድ አባት ዓይናቸውን ጨፍነው «ኧረ ይጀምር፣ ምን ይጠብቃል?» አሉ። ሐኪሙ ስድስት ቦታ ነክቶ ጨርሷል። ክፍሉ ጸጥ አለ። እንዲህ ያለ እግር ሚስማር ቢወጋው ባለቤቱ አያውቅም። ቁስሉን የሚያየው ካልሲው ላይ ደም ሲያገኝ ነው።

መደንዘዝ ብቻም አይደለም። ሰው አማርኛውን በትክክል ከተናገረ ግማሹን ምርመራ ሠራ ማለት ነው። ይቆረጥመኛል ሌላ፣ ይወጋኛል ሌላ፣ ይጠዘጥዘኛል ሌላ። ይነዝረኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይወረኛል ሲባል ሐኪሙ ነርቭን መጠርጠር ይጀምራል። ይህን ሁሉ ትቶ «የሕመም ስሜት ይሰማኛል» የሚል በሽተኛ ለሐኪሙ ምንም አልነገረውም። ይህን ሁሉ ሰምቶ «ፔይን» ብቻ የሚል አስተርጓሚም እንደዚያው።

ሌላም ልጨምርልሽ። ተራዬን ስጠብቅ ያየሁት ነው። አንዲት እናት ከአገር ቤት የእህታቸው መርዶ መጥቶባቸው ክሊኒክ ገቡ። የሚያስተረጉምላቸው የ12 ዓመት የልጅ ልጃቸው ነበር። «ሆዴ ባሰኝ በላት» አሉት። ልጁ እንደሰማው ሆዷ ባሰባት ብሎ ተረጎመ። ነርሷ አስተኝታ ሆዳቸውን እየተጫነች «እዚህ ጋ ነው? እዚህ ጋስ?» ትላለች። እሳቸው ጣራውን እያዩ እንባቸው ወደ ጆሯቸው ይወርዳል። ልጁ ሆዳቸውን በጣም ያመማቸው መስሎት እሱም አለቀሰ። በልጅ ትከሻ ላይ ይህን መጫን ደግ አይደለም።

የአሜሪካ ሕግም አይፈቅድም። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግና የ2010 የጤና ሕግ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ ብቃት ያለው አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርብ ያስገድዳሉ። ሕፃን ልጅ ማስተርጎም የሚችለው በድንገተኛ አደጋ ብቻ ነው። ከእናንተ አጠገብ ያለችው ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የቋንቋ ሕግ አላት፤ አማርኛም ከሚያገለግሉት ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተርጓሚው ካልገባችሁ «ሌላ ይቀየርልን» ማለት ትችላላችሁ። ነውር የለውም።

አሁን ወደ አባትሽ። ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ዛሬውኑ ለሐኪሙ ደውዪ። የእግር ምርመራው አልተደረገም፤ «ደህና ነኝ» ምርመራ አይደለም። ስኳር ያለበት ሰው ቢያንስ በዓመት አንዴ እግሩ መታየት አለበት። እስከዚያው ማታ ማታ ውስጥ እግራቸውን እዪላቸው፣ በጣቶቻቸው መሃልም። ባዶ እግራቸውን ቤት ውስጥም አይሂዱ። ጫማቸውን አራግፈው ይልበሱ። የሚታጠቡበትን ውሃ አንቺ በክንድሽ ለኪው፤ የእሳቸውን እግር አትመኚው። ቁስል ወይም የጠቆረ ቦታ ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ውሰጃቸው። ቢቆጡም ውሰጃቸው።

ልብስ ሰፊ፣ ከመርካቶ። ከውጭ የመጣ ጨርቅ ላይ «ውል ፌልት» የሚል አይተው፣ የ«ፊል» ያለፈ ጊዜ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

አይደለም። ሳይሸመን በእርጥበትና በሙቀት ተመትቶ የተጣበቀ ሱፍ ነው። ቃላቱ በጽሕፈት ይመሳሰላሉ እንጂ አይዛመዱም።

የሳይኮሎጂ ተማሪ፣ ከባሕር ዳር። «‹ፊሊንግ›ም ‹ኢሞሽን›ም በአማርኛ ስሜት ናቸው። ጽሑፌ ላይ እንዴት ልለያቸው?» የፈተና ጭንቀት እንዳለበትም ጨምሮ ጽፏል።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ልዩነቱን ለመረዳት ከአሜሪካዊው ፈላስፋና የሳይኮሎጂ ሊቅ ከዊልያም ጄምስ ጀምር። እ.ኤ.አ. በ1884 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የምናለቅሰው ስላዘንን አይደለም፤ ስለምናለቅስ ነው የምናዝነው ብሎ ተከራከረ። መጀመሪያ ገላ ይናወጣል፣ ያ መናወጥ ሲታወቀን ስሜት ይሆናል ማለቱ ነው። ከእሱ በኋላ የአንጎል ተመራማሪው አንቶኒዮ ዳማሲዮ የገላውን መናወጥ «ኢሞሽን»፣ የመታወቁን ነገር «ፊሊንግ» ብሎ ለየው። ሁሉም ተመራማሪ አይስማማበትም፤ ለጽሑፍህ ግን ይበቃሃል። መጀመሪያ ገጽ ላይ የቱን ለየቱ እንደምትጠቀም ተናገርና በእሱ ጽና። ሆዴ ባባ፣ አንጀቴ ተላወሰ፣ ልቤ ደነገጠ የሚለውን አማርኛ ከጄምስ ጋር አስተያየው፤ አያትህ ገላን ከስሜት አስቀድመው ሲናገሩ ታገኛቸዋለህ። ስለ ፈተናው ጭንቀት ያነሳኸውን የግቢህን የምክር አገልግሎት ጠይቅ።

ከሥራ የተሰናበተ ወንድም። አለቃው ሲሸኘው «ኖ ሃርድ ፊሊንግስ» አለው።

ቂም አትያዝብን ነው። ያልተከፈለህ ደሞዝ ካለ የሥራ ጉዳይ ጠበቃ አማክር።

እናት፣ ከአዳማ። ልጃቸው ከትምህርት ቤት መጥታ «ፊሊንግ ውስጥ ገብቻለሁ፣ አታናግሪኝ» ብላ በሯን ዘጋች። «ምን ውስጥ ነው የገባችው?»

ሆዷ ባብቶ ነው፣ እናቴ። ሻይ ይዘው ይግቡና ምንም ሳይጠይቁ አጠገቧ ቁጭ ይበሉ።