መልስ፦ አሮጌ ካኖን ካሜራ ገዛሁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ምን እያነሳሁ ልለማመድ?

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለህ! አብሮት የመጣው 18-55 ሚሊሜትር ሌንስ ለመማር ከበቂ በላይ ነው፤ ሌላ ለመግዛት አትቸኩል።

"የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ይደበዝዝብኛል" ላልከው፣ ጣጣው ከሸተር ስፒዱ ነው፤ ማለትም ካሜራው ለአንድ ፎቶ ብርሃን ከሚያስገባበት የጊዜ ርዝመት። የካሜራውን መምረጫ ጎማ ከአውቶ አውጣና "ቲቪ" (Tv) የሚለው ላይ አድርገው፤ እዚያ ሸተሩን የምትመርጠው አንተ ነህ። ከዚያ ፒያሳ ሂድና ሚኒባሶቹን አንሳ። በ1/500 ሰከንድ ታክሲው የቆመ ይመስላል። በ1/30 ሰከንድ ደግሞ ካሜራህን ከታክሲው ጋር እኩል እያዞርክ አንሳ። ታክሲው ጥርት ይላል፣ ከኋላው ያለው ሁሉ መስመር መስመር ይሆናል። መጀመሪያ ላይ አብዛኛው ይበላሻል፣ አይግረምህ። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም።

ሰዓትም ምረጥ። የቀትር ፀሐይ ከአናት ስለሚወርድ የሰው ዓይን ሥር ይጠቁራል። ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ብርሃኑ ለስላሳ ነው። ሲመሽ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ወደ 1600 ከፍ አድርግ፤ ፎቶው ነጠብጣብ ቢኖረውም ከደበዘዘ ይሻላል።

አፐርቸሩን፣ ማለትም የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ፣ ቡና ቤት ቁጭ ብለህ በስኒ ተማረው። የሌንሱን ዙም 55 ላይ አድርግና ስኒዋን ቀረብ ብለህ በኤፍ 5.6 (ሰፊ ቀዳዳ)፣ ቀጥሎ በኤፍ 16 (ጠባብ ቀዳዳ) አንሳት። የጀርባውን ልዩነት ወዲያው ታየዋለህ።

ሰው ስታነሳ አስፈቅድ። ጥበቃ የቆመበት መሥሪያ ቤት አካባቢ ግን ካሜራህን ቦርሳ ውስጥ ክተተው።