ጣናን በመኪና እየዞርን፣ ዳሩ ላይ እያደርን ማየት እንችላለን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። የምኖረው ሜልቦርን ነው፣ ባለቤቴ ግን ባህር ዳር ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፣ ከወጣ 16 ዓመቱ። አምና ካምፐርቫን ተከራይተን ግሬት ኦሽን ሮድ የሚባለውን መንገድ አምስት ቀን ዞርንበት፣ መኪናው ውስጥ አልጋም ምድጃም አለ፣ ደስ ያለን ዳርቻ ላይ እናቆማለን፣ ልጆቹ አሸዋው ላይ ሲሯሯጡ ይውላሉ፣ ሲመሽ ካምፕ ቦታ ገብተን እዛው መኪናችን ውስጥ እናድራለን። ከዛ ወዲህ ልጆቹ አባታቸውን «የተወለድክበት አገር ስሙ የባህር ዳርቻ ማለት ነው ብለኸናል፣ ለምን እዛ አንሄድም» እያሉ ወጥረው ይዘውታል። ትልቋ 11 ትንሹ 7 ዓመታቸው ነው። ለገና ልንመጣ አስበናል። እንደዛ አድርጎ ጣናን በመኪና እየዞሩ፣ ውሃው ዳር እያደሩ ማየት ይቻላል? ባለቤቴ «እኔ እያለሁ ማንም እንደዛ ሲያደርግ አላየሁም» ይላል።

መልስ፦ የኔ እህት እንኳን ጻፍሽልን። መጀመሪያ ለልጆቹ ንገሪልኝ፣ አባታቸው አልዋሸም። እኛ «ጣና ሐይቅ» የምንለው ለእንግዳ ስናስረዳ ነው እንጂ እርስ በርሳችን እኮ «ባህሩ» ነው የምንለው፣ ጀልባ ነጂዎቹም ማዕበል ሲኖር «ባህሩ ተነስቷል» ብለው ነው የሚቀሩት። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ከተማው ዳር ቆመሽ ወደ ሰሜን ስታይ ማዶው አይታይሽም፣ ውሃና ሰማይ ነው የሚገጥመው። ልጆቹ ባህር ቢሉት ማንም አይስቅባቸውም።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ ይቻላል ግን አውስትራሊያ እንዳደረጋችሁት አይሆንም፣ ምክንያቱን ካወቅሽው ደግሞ እዚህ መጥተሽ አትበሳጪም። ያ የዞራችሁበት መንገድ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ከ1919 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የሠሩት ነው፣ 243 ኪሎ ሜትር ሙሉ ሐሳቡ ባህሩን ይዞ መሄድ ነው። የኛው ከባህር ዳር ጎንደር የሚወስደው አስፋልት ግን ከጣና ሸሽቶ ነው የሚሄደው። የሸሸውም ወዶ አይደለም፣ በምሥራቅ በኩል ያለው ዳር የፎገራ ሜዳ ነው፣ ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ክረምት ላይ ሞልተው የሚተኙበት፣ ለዛም ነው ገበሬው ሩዝ የሚያመርትበት፣ እዛ ላይ አስፋልት ብታነጥፊ በየዓመቱ ውሃ ይበላዋል። ስለዚህ ከሐሙሲት እስከ ወረታና አዲስ ዘመን ስትሄጂ ጣና በግራሽ ቅርብ ሆኖ ሳለ አይታይሽም። መኪናውን ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር የምትሸጋገሪበት አድርገሽ አስቢው፣ ባህሩን የሚያሳይሽ ጀልባው ነው።

ሌላው አሸዋ ነው። ልጆቹ የለመዱት ዓይነት ነጭ አሸዋ ጣና ዳር አትጠብቂ፣ የጣና ዳር ደንገል፣ ሳርና ጭቃ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ጥቁር ድንጋይ። በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 መታየት የጀመረው እምቦጭ አለ፣ ከሩቅ ሲታይ የሚያምር አረንጓዴ ምንጣፍ ይመስላል፣ ሐምራዊ አበባም አለው፣ ግን ዓሣ አጥማጁን መረቡን እንዳይጥል ጀልባውን እንዳያወጣ የሚያደርግ ነገር ነው። ልጆቹ ሲያዩት አበባው ያምራል ካሉ ምን እንደሆነ ንገሪያቸው፣ ማወቅ አለባቸው።

እና እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። አልጋና ምድጃ የተገጠመለት መኪና ፍለጋ አልደክምም፣ ዶልፊን የሚባለውን ሚኒባስ ከነሹፌሩ እከራያለሁ፣ ሹፌሩ መንገዱን የሚያውቅ የዚሁ አገር ልጅ ይሁን። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ትንሽ ቡታጋዝና የውሃ ጀሪካን ይጫናል። የሚታደረው ግን ሜዳ ላይ ሳይሆን ግቢና ዘበኛ ባለው ሎጅ ወይም ሆቴል ውስጥ ነው፣ ባለቤቱን ጠይቀሽ ትንሽ ከፍለሽ መኪናችሁን ውሃው አጠገብ አቁማችሁ ድንኳን መትከል ወይ እዛው ውስጥ መተኛት ነው። ሽንት ቤትና ሻወርም አገኛችሁ ማለት ነው።

ባህር ዳር ሁለት ሌሊት ይብቃችሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጀልባ ላይ ሁኑ፣ ጣና ጠዋት መስታወት ነው፣ ከሰዓት ንፋስ ይነሳና ጀልባው ይመታል፣ ትንሽ ልጅ ይዘሽ ከሰዓት አትውጪ። ላይፍ ጃኬት ለልጆቹ በልካቸው መኖሩን ሳታዪ አትሳፈሪ፣ «አለ» ቢሉሽም አስወጥተሽ እያለበሽ እዪው። ዘጌ ሂዱ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ግድግዳውን ሙሉ ሥዕሉን ልጆቹ ይዩት፣ ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው የእግር መንገድ በቡና ጫካ መሃል ነው፣ ዘጌ ሰው በበሬ አያርስም፣ ከጻድቁ ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ የመጣ ነው ይባላል፣ ጫካውም ለዛ ነው ቆሞ የቀረው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ የሚባሉት የደሴት ገዳማት ሴት አይገባባቸውም፣ ስለዚህ አንቺና ልጅሽ ጀልባ ላይ ቁጭ ብላችሁ እንዳትቀሩ ከጀልባ ነጂው ጋር ስትዋዋሉ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ሁለተኛው ቀን ደብረ ማርያም የሚባለው የደሴት ገዳም። አባይ ከጣና የሚወጣበት አፍ ጋ ነው፣ በጀልባ ቅርብ ነው። እዛ አካባቢ ልጆቹን ታንኳ አሳዪያቸው፣ ታንኳ ከደረቀ ደንገል ታስሮ የሚሠራ ነው፣ ነገደ ወይጦዎች ከጥንት ጀምሮ የሚሠሩት፣ ሁለት እጅ የሚሞላ ደንገል እየያዙ በደንገል ልጥ ጥብቅ አድርገው እያሰሩ ነው፣ አፍንጫው ወደ ላይ ቆልመም ይላል። ስትቀመጪበት ውሃው ከታች ቀስ እያለ ይመጣና ሱሪሽን ያረጥበዋል፣ ሰመጥን ብለሽ እንዳትደነግጪ፣ ታንኳ እንደዛ ነው፣ ደንገሉ ራሱ ነው የሚንሳፈፈው። ላይፍ ጃኬት ለብሰው ዳር ዳሩን ብቻ። እኔ ከሁሉም በላይ ልጆቹ የሚያስታውሱት ይሄን ይመስለኛል።

ሦስተኛው ቀን በጣና ሰሜናዊ ዳር ያለችው ጎርጎራ ናት፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ በጠዋት ተነሱ። ናፍጣ ባህር ዳር ሙሉ ሞልታችሁ ውጡ፣ ነዳጅ ማደያ ላይ ሰልፍ ስላለ ከመውጫችሁ ቀን በፊት ይሞላ። እንፍራንዝ ጋ ቆም በሉና ጉዛራ ውጡ፣ የዐፄ ሠርፀ ድንግል ቤተ መንግሥት ነው፣ ከጎንደሮቹ ግንቦች የሚቀድም፣ ከዛ ላይ ሆነሽ ነው ስትሸሽሽ የዋለችው ጣና ወለል ብላ የምትታይሽ፣ ምሳችሁን እዛ ብሉ። ከዛ አዘዞ ላይ ታጥፋችሁ በቆላ ድባና በጯሂት አድርጋችሁ ጎርጎራ ትገባላችሁ። ሁለት ሌሊት ስጡት፣ ደብረ ሲና ማርያም አለች፣ ውሃው ከፊት ለፊት ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ካምፐርቫን ላይ ያገኛችሁት ስሜት እሱ ከሆነ የሚቀርበው ጎርጎራ ነው።

ከመንገድ ወጥታችሁ ዳር ፍለጋ መኪና አታስገቡ። ይሄን የምልሽ ደርሶብኝ ነው። ከአምስት ጓደኞቼ ጋር ደምቢያ ውስጥ ከዋናው መንገድ ወርደን ወደ ውሃው ተጠጋን፣ መሬቱ ደረቅ ነው፣ ሳሩ ያማረ ነው፣ እዛው መኪና ውስጥ ተኛን። ሌሊት ትንሽ አካፋ። ጠዋት በሩን ስከፍት መውረጃው መሬቱን ነክቷል፣ ጎማው ግማሹ ጥቁሩ መረሬ አፈር ውስጥ ገብቷል፣ ሞተር ሲነሳ ደግሞ ወደ ታች ነው የሚቆፍረው። አንድ አባት በሬዎቻቸውን እየነዱ መጡ፣ ምንም ሳይናገሩ ቀንበሩን በገመድ ከመኪናው አሰሩልን፣ እኛ ከኋላ እየገፋን ጥማዱ ጎትቶ አወጣን። ብር ስንሰጣቸው ተቆጡን፣ «እንግዳ አይደላችሁ» አሉ። ከዛን ቀን ጀምሮ ጥቁር አፈር ላይ መኪና አላቆምም።

አሁን የሚያሳስበኝ ነገር ላይ ልምጣ። ልጆቹ ውሃው ውስጥ አይግቡ። ቢልሃርዚያ አለ። ደንገልና ሳር ያለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣ ይኖራል፣ ጥገኛው ከሱ ወጥቶ በቆዳ በኩል በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚገባው፣ እግር መንከር ራሱ ይበቃዋል፣ ሲገባም አይታወቅም። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው፣ ይድናል፣ ግን ምልክቱ ከሳምንታት በኋላ ስለሚመጣ ሜልቦርን ያለ ሐኪም ጣና ነበርን ካላላችሁት ላይጠረጥረው ይችላል። አንዱ ልጅ ድንገት ከገባ ከተመለሳችሁ ሁለት ወር ገደማ በኋላ አስመርምሪው። መዋኘት ከፈለጉ ፑል ያለው ሆቴል ያዙ። ወባም አለ፣ ባህር ዳር ከፍታዋ 1,800 ሜትር ገደማ ቢሆንም ወባ አይቀርም፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይብሳል፣ ገና ላይ ቀለል ቢልም ልጆቹ እዛ ስላደጉ ሰውነታቸው አያውቀውም፣ መከላከያውን ከመምጣታችሁ በፊት ከሐኪማችሁ ውሰዱ፣ አጎበር መኪናው ውስጥም ይሰቀል።

ጉማሬ ደግሞ ማታ ሳር ሊግጥ ይወጣል። ውሃው ዳር ሳሩ ላይ እንደ ቦይ የገባ መንገድ ካየሽ፣ ቁጥቋጦው ላይ ደግሞ እበት ተረጭቶ ካየሽ የሱ መውጫ ነውና ልጆቹን ይዘሽ ራቂ፣ በሱና በውሃው መሃል ያገኘውን አይምርም።

መንገዱን በተመለከተ ከልቤ ነው የምነግርሽ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን ያለበትን ሁኔታ ባለቤትሽም ይሰማል፣ አንድ ሳምንት ክፍት የነበረ መንገድ በሚቀጥለው ይዘጋል። ስለዚህ በምትነሱበት በዛው ሳምንት ደውላችሁ ጠይቁ፣ አንድ ሰው ብቻ አይደለም፣ ዘመድ ጠይቁ፣ ሹፌር ጠይቁ፣ ሆቴሉን ጠይቁ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ አትገኙ። ጎርጎራ ካልሆነላችሁ ባህር ዳርና ዘጌ ብቻ አራት ቀን ይሞላሉ፣ እልህ አትጋቡ፣ ልጆች ይዛችኋል።

ጥያቄ፦ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ብር የለንም፣ ከጓደኞቼ ጋር አንድ ቀን ሙሉ ውሃው ዳር ለመዋል ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ ሳይክል ተከራዩ፣ ባህር ዳር ሜዳ ናት፣ ዘንባባ ስር እየነዱ መዋል የሚቻልባት ከተማ ናት። በጠዋት ውሃው ዳር ያለውን የእግር መንገድ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከዛ በአዲሱ የአባይ ድልድይ ተሻገሩ፣ ግንቦት 2016 የተመረቀው ነው፣ 380 ሜትር ርዝመት አለው፣ መሃሉ ላይ ቆማችሁ አባይን ከላይ እዩት። ፀሐይዋ ሳትበረታ ቤዛዊት ኮረብታ ውጡ፣ ዳገቱን ሳይክሉን እየገፋችሁ ነው የምትወጡት፣ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለበት ነው፣ ከዛ ላይ አባይ እንዴት እንደሚጠማዘዝ ይታያል። ምሳ ዓሣ ጉላሽ አዋጡና ለሦስት ብሉ፣ እሾህ ካለው ተጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ ሹፌር ነኝ። እንግዳ አድርሼ ስመለስ ጣና ዳር መኪናዬን አጥባለሁ፣ ሁሉም ያጥባል። ሰሞኑን አንድ ሽማግሌ «ባህሩን አታርክሰው» ብለው ተቆጡኝ። ጥፋት ነው?

መልስ፦ አዎ ወንድም ዓለም፣ ጥፋት ነው። ሽማግሌው ልክ ናቸው። ከመኪናህ የሚወርደው ዘይትና ሳሙና እዛው ዳሩ ላይ ነው የሚቀረው፣ ጣና ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ ነው፣ ዳር ዳሩ ደግሞ ጉልበት አይሞላም፣ ዓሣ እንቁላሉን የሚጥለውም ጫጩቱ የሚያድገውም እዛው ደንገል ስር ነው። ሳሙናው ውስጥ ያለው ደግሞ እምቦጭን ሊመግብ ይችላል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዝግቦታል፣ ግን ለመዝገቡ ብለህ አይደለም፣ ከዛው ውሃ በጀሪካን ቀድቶ የሚጠጣ ሰው ስላለ ነው። በባልዲ ቅዳና ከውሃው ራቅ አድርገህ ሳር ላይ እጠበው፣ አፈሩ ያጣራዋል። ዘይት ያለበትን ጨርቅ ደግሞ ይዘህ ሂድ፣ እዛ አትጣለው። ሽማግሌውንም ድጋሚ ካገኘሃቸው ሰላም በላቸው።